ማን ማንን እየጠበቀ ነው? የዴስክቶፕ ኮምፒውተርዎን ከፍተው የሚያውቁበት መመሪያ

አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ኮምፒውተሯን በታክሲ ጭና መጣችና «ሲፒዩው አርጅቷል፤ ሌላ ልግዛ ወይስ ይሠራል?» አለችኝ። ጠዋት ሱቋን እንደከፈተች ማብሪያውን ትጫናለች። ከሰል አያይዛ፣ ቡና ቆልታ፣ አቦሉን እስክትቀዳ ድረስ ስክሪኑ ላይ ያችው ነጭ ክብ ትሽከረከራለች። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው እሷን ይጠብቃል፤ እሷ ማሽኑን ትጠብቃለች። ዕቁብ ሊደርሳት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበርና ገንዘቡን ለአዲስ ኮምፒውተር አስባዋለች።

ሳጥኑን ከፍተን አብረን አየነው። ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። አራት ኮር አለው፤ ለማመልከቻና ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። አንድም ቀን ሙሉ አቅሙን አልተጠቀመችበትም። የሚዘገየው እሱ አልነበረም። እሱም እንደ እሷ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር።

ኮምፒውተር ማለት በፍጥነታቸው እጅግ የተራራቁ ክፍሎች በአንድ ሳጥን የሚኖሩበት ቤት ነው። አንዱ በዘገየ ቁጥር የቀሩት ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ስለዚህ ማሽንዎን ለማወቅ የክፍሎቹን ስም መሸምደድ አይበቃም። በእያንዳንዱ ክፍል ፊት ቆመው «ይህ ማንን ይጠብቃል? እሱንስ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ የለመደ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው አያወጣም።

በዚሁ አንድ ስም እናስተካክል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ይለዋል። ሲፒዩ የፕሮሰሰሩ ስም ነው፤ እሱም ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሳጥኑን ኬዝ እንበለው። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ሱቅ ሄደው «ሲፒዩ ይቀየርልኝ» ሲሉ ሻጩ የሚሰማው ሌላ፣ እርስዎ የሚከፍሉት ሌላ ሊሆን ይችላል።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት

መጀመሪያ ማሽኑን ራሱን ይጠይቁት። ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ሲገቡ በግራ በኩል ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ እያለ ይዘረዝርልዎታል። አሁን ማሽኑን በሚንቀራፈፍበት ሥራ ያሠሩት። ብራውዘር ይክፈቱ፣ የዎርድ ፋይል ይክፈቱ፣ የሆነ ነገር ፕሪንት ያድርጉ። ከዚያ ቁጥሮቹን ይመልከቱ።

ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ሲፒዩው 10 ወይም 15 ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ማሽን ያሳየን ይህንኑ ነው። ሜሞሪው ከ90 በላይ ወጥቶ ዲስኩም አብሮ ከተጨናነቀ ራሙ ሞልቷል ማለት ነው፤ ትርፉን ወደ ዲስኩ እየጻፈ፣ ሲያስፈልገው ደግሞ መልሶ እያነበበ ነው። ሲፒዩው ብቻውን 100 ላይ ከወጣ ወይ ሥራው ከብዶታል፣ ወይ እርስዎ የማያውቁት ፕሮግራም ከጀርባ ይሠራል። ፕሮሰስ የሚለውን ገጽ ከፍተው የትኛው እንደሚበላው ይዩ።

ያዩትን በወረቀት ይጻፉ። ሜሞሪ የሚለውን ሲጫኑ ራሙ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርዎታል። ሲፒዩ የሚለውን ሲጫኑ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያል። በኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል፤ አይ5-4590 4ኛ ትውልድ፣ አይ5-8500 8ኛ፣ አይ5-10400 ደግሞ 10ኛ ነው። ይህን ወረቀት አይጣሉት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ፋይሎችዎን በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ያልተገለበጠ ፋይል ያለበትን ማሽን እኔ አልከፍትም። ባለቤቱ ቢቸኩልም አልከፍትም።

አከፋፈት

ማሽኑን በወጉ ያጥፉት። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጀርባው ይንቀሉ፤ ከነቀሉ በኋላ ማብሪያውን ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ውስጥ የተጠራቀመው ይወጣል። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ገመዱ እንደተሰካ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ማሽኑ ጠፍቶም እንኳ ወደ ማዘርቦርዱ 5 ቮልት ይልካል፤ ማብሪያውን ሲጫኑ ማሽኑ ትእዛዝዎን የሚሰማው በዚህ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህን አላውቅም ነበርና ገመዱን ሳልነቅል ራም አውጥቼ ስመልስ ራሙም ማስገቢያውም ተቃጠለ። የሰው ንብረት ነበር። ከኪሴ ከፈልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ገመዱ መነቀሉን በእጄ ሳልዳስስ ክዳን አልነካም።

ሰውነትዎ ላይም ኤሌክትሪክ አለ። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ሹራብ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ሲራመዱ ይጠራቀማል። የበር እጀታ ሲነኩ ጣትዎን ቆንጠጥ የሚያደርግዎት እሱ ነው። እርስዎ ምንም ሳይሰማዎት ራም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ክፍል ከመያዝዎ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ፤ በየመሃሉም ይድገሙት።

ፊቱን ወደ እርስዎ አዙረው ሲያቆሙት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በስተግራዎ ያለው ጎን ነው፤ ከጀርባ ሁለት ብሎኖች ይይዙታል። ለቢሮ የተሠሩት ብዙ ጊዜ ብሎን ሳይኖራቸው በእጅ በሚላቀቅ መያዣ ይከፈታሉ። ኬዙን በጎኑ ያስተኙት። ምንም ሳይነቅሉ በስልክዎ ሦስት አራት ፎቶ ያንሱ፤ የትኛው ገመድ የት እንደነበር ከፎቶው የበለጠ የሚያስታውስ የለም። ብሎኖቹን በቡና ስኒ ውስጥ ያስቀምጡ።

ኃይሉ ከሚገባበት ይጀምሩ

በዓይንዎ የኤሌክትሪክ ገመዱ ይሰካበት ከነበረው ቦታ ይጀምሩ። እዚያ ያለው የብረት ሳጥን ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አድርጎ ያከፋፍላል። ገመዶቹ ባለቀለም ከሆኑ ማንበብ ይችላሉ። ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ነው፤ ጥቁሩ መመለሻው ነው። ሐምራዊው ቅድም ያልኩት፣ ማሽኑ ጠፍቶም የማይተኛው 5 ቮልት ነው። በአዳዲሶቹ ሁሉም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ይህን የብረት ሳጥን ራሱን ግን በፍጹም አይክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልት የሚይዙ ካፓሲተሮች አሉበት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዴስክቶፕ ልኮልዎት ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ፣ ከመሰኪያው አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ ማዞሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ከሰኩት ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ የተቃጠለ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ወደ 230 አዙረው ይሰኩ። ማዞሪያ ከሌለው የተለጠፈበትን ያንብቡ፤ 100-240 የሚል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል፤ 115 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰኩት።

ፓወር ሰፕላይ ሲደክም ምልክቱ አሳሳች ነው። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ድንገት ይጠፋል፣ ወይ ራሱን ያስነሳል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያደርጋል፤ ችግሩ ግን ይቀጥላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ደግሞ ዋነኛ ጠላቱ ነው። መብራት በሄደ ጊዜ ከግድግዳው ነቅለው ይጠብቁ፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሰው ይሰኩ። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይደርስልዎም፤ ሥራዎን ሴቭ አድርገው እስኪያጠፉ ድረስ የሚያቆይዎት ዩፒኤስ ነው። ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ግን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ፤ ወረቀቱን ለማጋል የሚስቡት ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

ሌላም አለ። ለቢሮ በተሠሩ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቅርጽ ነው። መደበኛው ባለ 24 እግር ላይገጥም ይችላል። ሊገዙ ሲሄዱ የጫፉን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።

ሁሉም የሚገናኙበት ሰሌዳ

ከታች ተነጥፎ የሚያዩት ሰፊ ሰሌዳ ማዘርቦርድ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ከፕሮሰሰሩ የሚነሱ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ወደ ራሙ ማስገቢያዎች ተጠጋግተው ሲሄዱ ይታያሉ። አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዙ ይመስላሉ። ምክንያት አላቸው። አብረው የተላኩ ምልክቶች አብረው እንዲደርሱ የመስመሮቹ ርዝመት መመጣጠን አለበትና አጭሩን መንገድ ያስረዝሙታል። ራሙ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ፣ ሃርድ ዲስኩ ግን በገመድ ርቆ የተቀመጠውም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈላለጉ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሰሌዳው ላይ የብር ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ ያያሉ። ቁጥሯ ሲአር2032 ነው፤ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ማሽኑን ባበሩ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ድረ ገጾችም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ካስቸገሩዎት ባትሪዋን ይለውጡ። ርካሽ ናት።

ፕሮሰሰሩ ከአቧራው ሥር

ትልቁ ፋን ሥር የብረት ክንፎች አሉ፤ ከክንፎቹ ሥር ፕሮሰሰሩ ተቀምጧል። የአይ5-4590 የሙቀት መጠን 84 ዋት ተብሎ ተመዝግቧል። ድሮ የምንጠቀምበት ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ በእጅ አይነካም ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ከክብሪት ቀፎ በማይበልጥ ነገር ላይ ሊወጣ ይችላል። ክንፎቹ ሙቀቱን ይቀበላሉ፣ ፋኑ ያባርረዋል።

አሁን በክንፎቹ መካከል አጮልቀው ይዩ። አቧራው እንደ ጥጥ ተነጥፎ ካገኙት አየር አያልፍም። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ብሶ ከሄደ ማሽኑን ያጠፋዋል። ማለትም አቧራ ብቻውን ጥሩ ፕሮሰሰር ያዘገያል። ማሽኑን ወደ ውጭ ያውጡ፤ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ በመንፊያ ይንፉ። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። በአፍዎ አይንፉ፤ ምራቅ ይረጫል።

ክንፎቹን ራሳቸውን መፍታት የሚያስፈልገው ከጽዳት በኋላም ሙቀቱ አልወርድ ካለ ብቻ ነው። በክንፎቹና በፕሮሰሰሩ መካከል ቴርማል ፔስት የሚባል ቅባት አለ፤ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። አሮጌውን በአልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገው የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ መሃሉ ላይ ያድርጉ፤ ክንፎቹ ሲጫኑት ራሱ ይነጠፋል። ብዙ መቀባት አይጠቅምም። ፕሮሰሰሩን ግን ከቦታው አያንሱ። ሥሩ ባለው ሶኬት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ እግሮች አሉ፤ አንዷ ከታጠፈች ሰሌዳው በሙሉ ሊቀር ይችላል።

ራም

ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የቆሙት ረጃጅም ሰሌዳዎች ራም ናቸው። ጎታ ውስጥ ያለ እህል እንዳለ አይበላም፤ ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ መሶብ ላይ መቅረብ አለበት። ፕሮሰሰሩም ከዲስክ ላይ በቀጥታ አይሠራም። የከፈቱት ፕሮግራም፣ የሚጽፉት ደብዳቤ፣ ያዩት ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ ራም ላይ ይቀርባል። ራም የሚይዘው መብራት እስካለ ድረስ ነው። መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረጉት ደብዳቤ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ደብዳቤው ገና ጎታ አልገባም ነበር።

መሶቡ ሲጠብስ? ማሽኑ ቆሞ ሰው አያባርርም፤ ለጊዜው የማይፈልገውን ወደ ዲስክ ይመልሰዋል፣ ሲፈልገው ሌላውን አውጥቶ እሱን ያስገባል። ብራውዘር ላይ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚሰማው የዲስክ መንጫጫት ይኸው ምልልስ ነው። ዛሬ ለቢሮ ሥራ 4 ጊጋ ይጠባል፣ 8 ይበቃል፣ 16 ምቾት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በግል ኮምፒውተር ላይ ያለ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ቢጨምሩለት አይጠቀምበትም።

ራም ዓይነት አለው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ዲዲአር3 240 የወርቅ ቅብ ጥርስ አለው፣ ዲዲአር4 288። በጥርሶቹ መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያል፤ ስለዚህ ካልገባ አይገጥምም ማለት ነው፣ በጉልበት አይግፉት። የላፕቶፕ ራም ደግሞ በርዝመቱ ግማሽ ገደማ ነው። ሱቅ ሲሄዱ የነበረውን ነቅለው ይዘው መሄድ ከማስረዳት ይሻላል። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ቢያደርጉ ይመረጣል። ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ሁለቱን በትክክለኛዎቹ ማስገቢያዎች መክተት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰሌዳዎች ጥንዶቹን በቀለም ይለያሉ።

ለመንቀል በጫፎቹ ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ይግፉ፤ ራሙ ራሱ ብቅ ይላል። ሲመልሱ ክፍተቷን አስተካክለው በሁለት አውራ ጣት ቀጥ አድርገው ይጫኑ፤ ቀጭ ብሎ መቆለፊያው ሲመለስ ይሰማዎታል። ያ ድምፅ ካልተሰማ አልገባም።

አንድ የሠራተኛ ዘዴም ልንገርዎ። ማሽኑ ተነስቶ ፋኑ ሲዞር ስክሪኑ ግን ጨለማ ከሆነ፣ ወይም ደጋግሞ ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የራሙ ጥርስ ቆሽሾ ነው። ራሙን ነቅለው የተማሪ ነጭ ላጲስ በወርቁ ጥርስ ላይ ቀስ ብለው ያሻሹ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ያራግፉ፣ በአልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ይመልሱ። «ሞቷል» ተብሎ የመጣ ማሽን በላጲስ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመጠበቁ ሁሉ ምንጭ

ወደ ዋናው መጣን። ሃርድ ዲስኩን በእጅዎ ሲያነሱት ይከብዳል፤ ውስጡ የሚሽከረከሩ መስተዋት የመሰሉ ሳህኖች አሉ። በዴስክቶፕ የተለመደው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ማለትም በሰከንድ 120። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ ይጠበቃል፤ ይህ ብቻ 4 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መንቀሳቀስ አለበት። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ቁራጭ መረጃ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል።

10 ሚሊሰከንድ ለእኛ ምንም አይደለም። ለፕሮሰሰሩ ግን ምን እንደሆነ እናስላው። 3 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 3 ቢሊዮን ምት ነው። የፕሮሰሰሩን አንድ ምት አንድ ሰከንድ ብለን እናስብ። በራሱ ሆድ ካለው ካሽ ከሚባል ትንሽ ማስቀመጫ የፈለገውን በአራት በአምስት ሰከንድ ያገኛል። ከራም ሲጠይቅ አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ዲስኩ ቀጥሎ የምናየው ኤስኤስዲ ከሆነ ሦስት ቀን ተኩል። ከሃርድ ዲስክ ሲጠይቅ ግን በእንቁጣጣሽ ዕለት የጠየቀው የሚደርሰው የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ ተበታትነው የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል። ለዚያ ሁሉ ጥያቄ ክንዱ አንድ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መረጃው በቺፕ ላይ ነው፤ ከየትም ቦታ ቢጠየቅ ይዞ ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ለዚህ ነው ባረጀ የቢሮ ማሽን ላይ ገንዘብ የሚያወጡበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን የምለው። ራም 4 ጊጋ ከሆነ ሁለተኛው ራም ነው። ፕሮሰሰር መቀየር ለእንዲህ ያለ ሥራ መጨረሻ የሚታሰብ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብም።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ከሃርድ ዲስኩ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ፤ ሰፊው ከፓወር ሰፕላይ የመጣው ነው፣ ጠባቡ ሳታ የሚባለው የመረጃ ገመድ ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። 2.5 ኢንች የሆነው ሳታ ኤስኤስዲ እነዚሁን ገመዶች ይቀበላል። ሁለቱም ጫፎች የኤል ቅርጽ ስላላቸው ተገልብጠው አይገቡም። 240 ወይም 256 ጊጋ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች ይበቃል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አይጣሉት፤ ጤነኛ ከሆነ በሌላ ሳታ ገመድ ሰክተው ፋይል ያስቀምጡበት። ዊንዶውሱን ግን ኤስኤስዲው ላይ አዲስ ይጫኑ፤ ሲጭኑ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቆይ፣ በስሕተት እንዳይፎርሙት።

ቀጥታ ሰሌዳው ላይ የሚሰካ ኤንቪኤምኢ የሚባል ኤስኤስዲም አለ። ሳታው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ይህኛው 3,500 የሚያልፍ አለው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ልዩነቱ ይታያል። ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ግን ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ የሚደረገው ዝላይ ዋናው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አይሰማም። ባለ 4ኛ ትውልድ የቢሮ ሰሌዳ ላይ ማስገቢያውም አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ኤስኤስዲ ፈጣን ነው እንጂ የማይሞት አይደለም። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል፤ ኤስኤስዲ ዝም ብሎ አንድ ቀን ላይነሳ ይችላል። የደንበኛ መመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም።

ስክሪኑ

ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ወይ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው፣ ወይ ለብቻው የተሰካ ካርድ። ለቢሮ ሥራ የውስጡ ይበቃል፤ እሱ ከራሙ ላይ ተበድሮ ስለሚሠራ ራም መጨመር ለእሱም ይጠቅማል። የተለየ ካርድ ካለ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ ጋር ያገናኙ። «ካርድ ገዝቼ ምንም አልተለወጠም» ከሚሉኝ የጥቂት የማይባሉት ገመድ በቀድሞ ቦታው ተሰክቶ ነው የሚገኘው።

ያገለገለ ሊገዙ ከሆነ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ያገለገለ ዴስክቶፕ የሚገዙ ከሆነ ቁጥሩን አንብበው ከ8ኛ በታች ባይገዙ እመክራለሁ። ቀድሞ በእጅዎ ያለው 4ኛ ከሆነ ግን አውጥተው አይጣሉት። ሊኑክስ ሚንት ያለ ክፍያ ይጫንበታል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። የባንክና የኢሜይል ሥራ ለሚሠራ ሰው ድጋፍ ባቆመ ሲስተም ላይ ከመቆየት ይህ ይሻላል።

ገጥመው ሲያበሩት

ሁሉንም ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ይመልሱ። ክዳኑን ገና አይዝጉ። ገመዱን ይሰኩ፤ እጅዎን ከውስጥ ያውጡ፤ ማብሪያውን ይጫኑና ዓይንዎም ጆሮዎም ይከተለው።

ማብሪያው ማሽኑን በቀጥታ አያበራም፤ የሚነካው ያንን ያልተኛ 5 ቮልት ነው፤ ሰሌዳው ፓወር ሰፕላዩን «ተነስ» ይለዋል። ፋኖቹ ይዞራሉ። ቮልቱ እስኪረጋ ድረስ ፕሮሰሰሩ ታስሮ ይቆያል፤ ጊዜው ከሰከንድ በታች ነው። ፓወር ሰፕላዩ «ረግቷል» የሚል ምልክት ሲሰጥ ፕሮሰሰሩ ይለቀቅና የመጀመሪያ ትእዛዙን ሰሌዳው ላይ ካለች ትንሽ ቺፕ ያነባል፤ ባዮስ የምንለው እዚያ ነው። ባዮሱ ራሙን ይቆጥራል፣ ግራፊክሱን ያስነሳል፣ ኪቦርዱን ይጠራል፤ የኪቦርዱ መብራቶች ብልጭ የሚሉት ያኔ ነው። ከዚያ ዲስኮቹን በተራ ይጠይቃል። ሲስተም ያለበትን ሲያገኝ ወደ ራም እየጫነ ሥራውን ያስረክበዋል።

ቢቆም የት እንደቆመ ይህ ቅደም ተከተል ይነግርዎታል። ፋን ካልዞረ ወደ ፓወር ሰፕላይና ወደ ማብሪያው ገመድ ይመለሱ። ፋን ዞሮ ስክሪን ጨለማ ከሆነ ራሙን ይዩ። የአምራቹ ስም ታይቶ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል ነገር ከመጣ የሳታ ገመዱ ላልቷል፣ ወይ ባዮስ ውስጥ የዲስኮቹ ተራ ተለውጧል። አሁንም ካልነሳ ሁሉንም ነቅለው በአንድ ራም ብቻ ያስነሱት፤ ከተነሳ አንድ አንድ እየጨመሩ በየመሃሉ ያጥፉና ያብሩ፤ ገመዱን በየጊዜው መንቀልዎን አይርሱ። ሲጨመር ማሽኑን ያቆመው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሲሠራ ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ያንን ወረቀት ያውጡ። ከሥሩ ቀኑን፣ የተለወጠውንና የተጨመረውን ጽፈው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከፋን ራቅ አድርገው፣ በፕላስተር ይለጥፉት። በፎቶ ኮፒ ቤቷ ማሽን ውስጥ የለጠፍነው በራሷ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ኤስኤስዲ 240 ገባ። ራም 4 ተጨመረ፣ ጠቅላላ 8። አቧራ ተጠረገ። ባትሪ ተቀየረ። አሮጌው ዲስክ የፋይል።» በሌላ ቀን የሚከፍተው ሰው፣ እኔም ሆንኩ ሌላ፣ ከዚያ ይጀምራል።